በግጥም የተጻፉ የእንስሳት ጉዞ የሥዕል መጻሕፍት፦ ለየትኛው ቤት የትኛው ይሻላል?

ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ የሚነበብ መጽሐፍ የሚፈልግ ወላጅ፣ በመጻሕፍት መደብርም ሆነ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ በብዛት ከሚያገኛቸው ዓይነቶች አንዱ፣ እንስሳት ከቤታቸው ወጥተው የሆነ ቦታ ደርሰው የሚመለሱበትን ታሪክ ቤት በሚመታ ግጥም የሚተርክ የሥዕል መጽሐፍ ነው። በጎች ጂፕ ይነዳሉ፤ ቀንድ አውጣ በዓሣ ነባሪ ጭራ ላይ ተቀምጣ ዓለምን ትዞራለች፤ ጉጉትና ድመት በጀልባ ባሕር ይሻገራሉ። ሽፋናቸው ሁሉ ደማቅ፣ ገጻቸውም በአብዛኛው 32 ስለሆነ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ሲነበቡ ግን አንዱ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅና ገና አፉን የሚፈታ ሕፃን የሚስቅበት፣ ሌላው ዐሥር ደቂቃ ያህል የሚወስድና የአምስት ዓመት ልጅ በየገጹ ጥያቄ የሚያነሣበት ሆኖ ይገኛል።

የመጻሕፍት ምርጫ ምክሮች ብዙውን ጊዜ ከልጁ ዕድሜ ይነሣሉ። ዕድሜ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ አማርኛ በሚነገርበት ቤት ግን ከዕድሜ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ። መጽሐፉን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነበው ማን ነው? የሚያነበውስ በየትኛው ቋንቋ ነው? በግጥም የተጻፈ መጽሐፍ ዋጋው በአንባቢው አፍ ላይ የሚወሰን በመሆኑ፣ ምቱ አልያዝለት ያለ አንባቢ እጅ የገባ ምርጥ መጽሐፍ፣ ምቱን በሚገባ በያዘ አንባቢ እጅ ካለ መካከለኛ መጽሐፍ ያነሰ ደስታ ይሰጣል። የዚህ ንጽጽር መለኪያም በዋናነት ይኸው ነው።

ጆሮና ምት

የእንግሊዝኛ የሕፃናት ግጥም የቆመው በጫና ላይ ነው። በስንኙ ውስጥ አንዳንዱ ድምፅ ጠንክሮ ይወጣል፣ ሌላው ይፈዝዛል፤ የሕፃኑ ጆሮ የሚከተለው የጠንካሮቹን መደጋገም ስለሆነ፣ በመካከላቸው ያሉት ፈዛዛ ድምፆች አንድ ቢሆኑም ሁለት ቢሆኑም ምቱ አይፋለስም። የአማርኛ ግጥም በአንጻሩ የሚለካው በቀለም፣ ማለትም በአንድ ጊዜ በሚጠራ የቃል ድምፅ ክፍል፣ ቁጥር ነው። የወል ቤት የሚባለው ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይሠራል፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት፣ ቡሄ በሉ ደግሞ አራት አራት ቀለም ይይዛል። በዚህ ሥርዓት ጆሮው የተቀረጸ ሰው የእንግሊዝኛ ግጥም ሲያነብ ለእያንዳንዱ ቀለም እኩል ክብደት መስጠት ይቀናዋል፤ በዚህም ምክንያት እየዘለለ እንዲሄድ የተጻፈው ስንኝ በዝግታ የሚራመድ ይሆናል። ይህ እንግሊዝኛ ካለማወቅ የሚመጣ ጉድለት አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት በእንግሊዝኛ ሲያስተምርና ሲጽፍ የኖረ ሰው ላይም ይታያል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ውጤት ቀላል ነው። ስንኙ አጭር፣ ቃላቱም አብዛኞቹ ባለ አንድ ቀለም የሆኑለት መጽሐፍ ማንም ቢያነበው አይበላሽም፤ ምክንያቱም አብዛኛው ቃል ጠንካራ ስለሆነ ብዙ የሚሳሳት ነገር የለም። ስንኙ ረጅም፣ ቃላቱም ባለ ብዙ ቀለም የሆኑለት መጽሐፍ ግን ልምምድ ይፈልጋል። ስለዚህ ወላጅ መጽሐፉን ከመግዛቱ በፊት ሁለት ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብ፣ የሌሎችን አስተያየት ሲያገላብጥ ከሚያገኘው የበለጠ መረጃ ያገኛል። መደብር ውስጥ ጮክ ብሎ ማንበብ ካሳፈረው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በሹክሹክታ ቢያነበውም ይበቃል።

ግጥም ለሕፃን ጆሮ ከጨዋታ ያለፈ ጥቅም እንዳለው በሚገባ ይታወቃል። በ1983 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሊኔት ብራድሊ እና ፒተር ብራያንት የተባሉ ተመራማሪዎች ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት ድምፅ የሚጋሩ ቃላትን መለየት የሚችሉ ልጆች በኋላ በንባብና በፊደል አጻጻፍ የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን አሳይተዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2014 ባወጣው መግለጫ ወላጆች ከሕፃንነት ጀምረው ለልጆቻቸው እንዲያነቡ ሐኪሞች እንዲመክሩ ጠይቋል። ሁለቱም ግን የትኛው መጽሐፍ ይገዛ ለሚለው መልስ አይሰጡም።

የጉዞው ቅርጽ

ከምቱ ቀጥሎ የሚታየው ጉዞው የሚሄድበት መንገድ ነው። አንዳንዱ ታሪክ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ አንዱ መንገደኛ ሁለተኛውን ያገኛል፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን ያስከትላል፣ በየገጹም ከመጀመሪያው ጀምሮ ስማቸው ይደጋገማል። ይህ ቅርጽ ከሁለት ተኩል ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ይስማማል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ስም ልጁ ከአንባቢው ቀድሞ መናገር ይጀምራልና። ሌላው ታሪክ አንድ ትልቅ ክብ ይሠራል፤ ተጓዡ ርቆ ሄዶ፣ መከራ አይቶ፣ ተለውጦ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ለመከተል ልጁ መነሻውን እስከ መጨረሻው በልቡ መያዝ ስላለበት፣ አራት ዓመት ሳይሞላ ብዙም አይሳካም። ሦስተኛው ዓይነት ድንገተኛ ነገሮች አንዱ በሌላው ላይ የሚደራረቡበት ነው፤ መኪናው ይቆማል፣ ይገፋል፣ ይወድቃል፣ ይሰበራል። ለዚህ ዓይነቱ ዕድሜ የሚጠይቅ ነገር የለም፤ መውደቅ የሚያስቀው ልጅ ሁሉ ይወደዋል።

አጫጭሮቹ፦ በጎቹ ወይስ ውሾቹ?

«ሺፕ ኢን ኤ ጂፕ» የተሰኘውን መጽሐፍ አሜሪካዊቷ ናንሲ ሾው ጽፋው ማርጎ አፕል በሥዕል አዘጋጅታው በ1986 ወጣ። በጎች በጂፕ ለሽርሽር ይወጣሉ፤ ጂፑ አልነሣም ይላል፤ ገፍተው ያስነሡታል፤ ጭቃ ይይዛቸዋል፤ አሳማዎች መጥተው ያግዟቸዋል፤ በመጨረሻ ጂፑ ተሰባብሮ ለሽያጭ ይቀርባል። ቃላቱ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ባለ አንድ ቀለም ሆነው ቤት የሚመቱት በስንኝ መጨረሻ ብቻ ሳይሆን በመካከልም ጭምር ነው። አማርኛ አፍ መፍቻው ለሆነ አንባቢ ከዚህ ንጽጽር መጻሕፍት ሁሉ የሚቀለው ይህ ነው። ድክመቱ ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ ቀልዱን ከጨረሰ በኋላ የሚመለስበት ብዙ ነገር አይቀርለትም።

«ሄሪ ማክላሪ ፍሮም ዶናልድሰንስ ዴሪ» የኒው ዚላንዷ ሊንሊ ዶድ ራሷ ጽፋና ሥላ በ1983 ያወጣችው ነው። አንድ ጠጉራም ትንሽ ውሻ ከበሩ ወጥቶ በከተማው ውስጥ ሲሄድ፣ አምስት ሌሎች ውሾች አንድ በአንድ ይከተሉታል፤ እያንዳንዳቸውም ከመልካቸው ጋር ቤት የሚመታ ስም አላቸው። ስሞቹ በየገጹ ይከማቻሉ፤ በመጨረሻ አንድ ኃይለኛ ድመት ብቅ ሲል ሁሉም እግሬ አውጪኝ ብለው ወደየቤታቸው ይበተናሉ። የጉዞው ርዝመት ጥቂት መንገዶች ቢሆንም፣ ለሦስት ዓመት ልጅ ዓለምን ከመዞር አያንስም፤ ልጁ ራሱ የሚያውቀው ጉዞ ከበር እስከ ሱቅ ነውና።

በምት ረገድ ግን የውሾቹ መጽሐፍ ከበጎቹ ይከብዳል። ስሞቹ ረጃጅሞች ናቸው፣ ስንኙም እየዘለለ መሄድ አለበት፤ ስሙን ቆም ብሎ በጥንቃቄ የሚጠራ አንባቢ ሩጫውን ያቋርጠዋል። ያም ሆኖ፣ አንባቢው ለመለማመድ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ከሁለቱ የምመርጠው የውሾቹን ነው። የስሞቹ መደጋገም ለአንባቢው ራሱ ልምምድ ስለሚሆን፣ ከበርካታ ምሽቶች በኋላ ምቱ ሳይታሰብ አፍ ላይ ይገባል፤ መጽሐፉም ልጁ ሁለት ዓመት ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ከእጁ አይወጣም። በጎቹ ለመጀመሪያ ዓመት፣ ወይም የምሽቱ ንባብ በሁለት ደቂቃ ማለቅ ላለበት የደከመው ወላጅ ይስማማሉ።

ሌላም ብልጫ አለው። በውሾቹ መጽሐፍ ሥዕሉ ብቻውን ታሪኩን ይናገራል። ከኢትዮጵያ ለጥየቃ የመጡ አያት እንግሊዝኛ ባያነቡም፣ ገጹን እየገለጡ በአማርኛ ሊተርኩት ይችላሉ፤ ማን ማንን እንደ ተከተለ፣ ማን እንደ ፈራ፣ ማን እንደ ሸሸ በግልጽ ይታያልና። እንዲያውም ለውሾቹ የአማርኛ ስም እያወጡ ቤት እንዲመታ ማድረግ የአያቶች ልዩ ችሎታ ነው። በጎቹም በዚህ ረገድ አይታሙም፤ ጂፕ ጭቃ ውስጥ መያዙንና ሰው ተሰብስቦ መግፋቱን በክረምት የገጠር መንገድ ለሄደ ኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም።

ረጃጅሞቹ፦ ቀንድ አውጣዋ ወይስ መጥረጊያው?

በብሪታንያ ጁሊያ ዶናልድሰን የጻፈቻቸውና በትውልድ ጀርመናዊ የሆነው አክሰል ሼፍለር የሣላቸው ሁለት መጻሕፍት በብዛት አብረው ይሸጣሉ፤ ስለዚህም በመካከላቸው መምረጥ የተለመደ ጥያቄ ነው። «ሩም ኦን ዘ ብሩም» በ2001፣ «ዘ ስኔል ኤንድ ዘ ዌል» በ2003 ታትመዋል። ሁለቱም በእንግሊዝ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቢቢሲ የግማሽ ሰዓት የካርቱን ፊልም ሆነው ቀርበዋል፤ የመጀመሪያው በ2012፣ ሁለተኛው በ2019።

በ«ሩም ኦን ዘ ብሩም» አንዲት ጠንቋይ ከድመቷ ጋር በመጥረጊያ ላይ ተቀምጣ ስትበር ነፋስ ባርኔጣዋን፣ የጠጉር ማሰሪያዋንና በትሯን በየተራ ይጥልባታል፤ ውሻ፣ ወፍና እንቁራሪት የጠፋውን አግኝተው ሲመልሱላት፣ እየጠየቁ መጥረጊያው ላይ ይወጣሉ። መጥረጊያው ክብደት በዝቶበት ይሰበራል፣ ዘንዶ ሊበላት ይመጣል፣ እንስሳቱም ተባብረው ያድኗታል። ቅርጹ የተጠራቃሚ ጉዞ ስለሆነ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ይገባል፤ ምቱም እየተደጋገመ የሚሄድ በመሆኑ ከጓደኛው ይቀላል። ነገር ግን ዋናዋ ተጓዥ ጠንቋይ ናት። በብዙ የኢትዮጵያ ክርስቲያንና ሙስሊም ቤቶች ጠንቋይ የተረት ጌጥ ሳትሆን የሚሸሹት ነገር ስለሆነች፣ ደግ ጠንቋይ ያለችበትን መጽሐፍ ለሕፃን ማንበብ የማይመቸው ወላጅ ብዙ ነው። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥር ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን አንባቢው ደስ ሳይለው የሚያነበው መጽሐፍ ለልጁም ደስ አይለውም ባይ ነኝ። ቤተሰቡ ችግር የሌለበት ከሆነ ደግሞ ከሁለቱ ለትንሹ ልጅ የሚሻለው ይህ ነው።

«ዘ ስኔል ኤንድ ዘ ዌል» ይበልጥ የጉዞ መጽሐፍ ነው። በወደብ አጠገብ ባለ ጥቁር ዐለት ላይ የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ዓለምን ማየት ትመኛለች፤ ስትሳብ በምትተወው አንጸባራቂ መስመር ዐለቱ ላይ ጽፋ የሚወስዳት ትለምናለች። አንድ ትልቅ ዓሣ ነባሪ በጭራው ላይ አሳፍሯት የበረዶ ተራሮችን፣ እሳተ ገሞራን፣ ሞቃት ዳርቻዎችን ያሳያታል። ዓሣ ነባሪው በፈጣን ጀልባዎች ድምፅ ግራ ተጋብቶ ባሕሩ ሲሸሽ ዳርቻው ላይ ሲቀር፣ ትንሿ ቀንድ አውጣ ወደ ትምህርት ቤት ሄዳ በሰሌዳው ላይ ጽፋ ሰው ታስጠራለታለች። ጉዞው ከሁሉም ሰፊ፣ ቋንቋውም ከሁሉም የበለጸገ ነው። በመጽሐፉ ያለው ዓይነት ባለ ጉብታ ዓሣ ነባሪ (ሃምፕባክ) በገሃዱ ዓለምም ከዋልታ አካባቢ ቀዝቃዛ ባሕር ወደ ሞቃት ባሕር በየዓመቱ የሚመላለስ በመሆኑ፣ ጥያቄ ለሚያበዛ ልጅ ከግጥሙ ወደ እውነተኛው እንስሳ የሚያሻግር በር አለው።

ችግሩ ርዝመቱ ነው። ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ በመካከሉ ይነሣል፤ አማርኛ ተናጋሪ አንባቢም በረጃጅሞቹ ስንኞች ይደክማል። መፍትሔ ካስፈለገ፣ መጽሐፉን ዓሣ ነባሪው ችግር ላይ እስከሚወድቅበት ገጽ ድረስ በአንድ ምሽት፣ የቀረውን በማግሥቱ ማንበብ ይቻላል፤ ታሪኩ እዚያ ላይ ራሱ ለሁለት ይከፈላል። ልጃቸው በስደት አገር ያደገባቸው ወላጆች ይህን መጽሐፍ ሲወዱት ተመልክቻለሁ፤ ከዐለቱ መውጣት የምትፈልግ ትንሽ ፍጡርንና አርፈሽ ተቀመጪ የሚሏትን ዘመዶቿን ለመረዳት አይቸገሩም።

አሮጌው ግጥም

ኤድዋርድ ሊር «ዘ አውል ኤንድ ዘ ፑሲካት»ን የጻፈው ለአንድ ወዳጁ ሕፃን ልጅ ሲሆን፣ ግጥሙ በ1871 በታተመው ስብስቡ ውስጥ ወጥቷል። ጉጉትና ድመት በአረንጓዴ ጀልባ ማርና ገንዘብ ይዘው ይቀዝፋሉ፣ ከአንድ ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ ከአንድ እንግዳ አገር ይደርሳሉ፣ ከአሳማ ቀለበት ገዝተው ይጋባሉ። እንደ ሌሎቹ የአንድ ሠዓሊ ንብረት አይደለም፤ የደራሲነት መብቱ ካለቀ ብዙ ዘመን ስለሆነው ግጥሙ ራሱ በነጻ ይገኛል፣ ብዙ ሠዓሊዎችም እያንዳንዳቸው በራሳቸው አሳብ ሥለውታል። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚመረጠው ግጥሙ ሳይሆን ሥዕሉ ነው። ለምሳሌ ጃን ብሬት በ1991 ባወጣችው እትም ጉዞውን ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ወስዳ በዝርዝር ሥዕል ሞልታዋለች።

ሦስት አንቀጽ ብቻ ያለው አጭር ግጥም ቢሆንም ለሕፃን ቀላል ነው ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ ቃላት ሊር ራሱ የፈጠራቸው ስለሆኑ መዝገበ ቃላት አይረዳም፤ ሌሎቹም በዛሬው እንግሊዝኛ ብዙም የማይሰሙ ናቸው። ምቱ ግን ከሁሉም የሚበልጥ ዜማ አለው፤ በየአንቀጹ መጨረሻ የሚደጋገመው አዝማች ለእሹሩሩ ይሆናል። ትርጉሙን ለማስረዳት ሳይሞክር ለማንጎራጎር ለሚፈልግ አንባቢ ጥሩ ነው። ማን ምን አደረገ ብሎ ለሚጠይቅ ልጅና መልስ መስጠት ለሚወድ ወላጅ ግን አልመክረውም።

እንስሳቱን ፍለጋ

«ዊ ኦል ዌንት ኦን ሳፋሪ» በሎሪ ክሬብስ ተጽፎ በጁሊያ ኬርንስ ተሥሎ በ2003 የወጣ ሲሆን፣ እንስሳት ሲጓዙ ሳይሆን የማሳይ ልጆች በታንዛኒያ ምድር እየተጓዙ እንስሳትን ከአንድ እስከ ዐሥር ሲቆጥሩ ያሳያል። ቁጥሮቹ በስዋሂሊም ተሰጥተዋል፤ በመጨረሻው ላይ ስለ እንስሳቱ፣ ስለ ማሳይ ሕዝብና ስለ ታንዛኒያ አጫጭር ማብራሪያዎች አሉ። የዚህ መጽሐፍ ጥቅም አፍሪካውያን ልጆች የጉዞው ባለቤቶች መሆናቸው ነው፤ በሌሎቹ የሚታየው የእንግሊዝ ወደብና የኒው ዚላንድ ጎዳና ነው። ግጥሙ በራሱ ከዶድ ወይም ከዶናልድሰን ጋር አይወዳደርም፤ ቁጥር ማስተማር ስለሚቀድምበት ስንኞቹ አንዳንዴ ለቁጥሩ ሲሉ ይጎተታሉ። የሦስት ዓመት ልጅ መቁጠር ሲጀምር፣ ከስዋሂሊው ጎን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በአማርኛ መጨመር ይቻላል፤ ይህም መጽሐፉ ራሱ የሚጋብዘው ጨዋታ ነው።

በዕብራይስጥ

በእስራኤል ለሚኖሩ ቤተሰቦች ምርጫው ይለያል። ገጣሚዋ ልያ ጎልድበርግ በ1957 ያወጣችው «አዬ ፕሉቶ» (ፕሉቶ የት ነው?) መጊዶ ከተባለ ኪቡጽ (የጋራ እርሻ መንደር) የወጣ አንድ ቡችላ ተሰላችቶ ገመዱን በጥሶ የሚዞርበትን ጉዞ በአጫጭር ስንኞች የሚተርክ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በመዋዕለ ሕፃናት ይነበባል። ስንኞቹ አጫጭር፣ ቃላቱም የዕለት ተዕለት ስለሆኑ፣ ዕብራይስጥን በጉልምስና የተማረ ወላጅም ሳይደናቀፍ ያነበዋል። ከ2009 ጀምሮ «ሲፍሪያት ፒጃማ» የተባለው ፕሮግራም ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች መጻሕፍትን በነጻ ወደ ቤት ስለሚልክ፣ ከመግዛት በፊት ልጁ በቦርሳው ይዞ የመጣውን ማየት ተገቢ ነው።

በአማርኛ የተጻፈና ወደ አማርኛ የተተረጎመ

ወላጅ ልጁ አማርኛ እንዲሰማ ከፈለገ ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ አይረዱትም። በአማርኛ የሚገኘው የሕፃናት መጽሐፍ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመና በአማርኛ የተጻፈ። በግጥም ረገድ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ተርጓሚ ታሪኩን ከጠበቀ ግጥሙ ይፈርስበታል፣ ግጥሙን ከጠበቀም ታሪኩን መለወጥ ግድ ይሆንበታል፤ ሁለቱን አስታርቆ የሚያልፍ ጥቂት ነው። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ በግጥም የቀረበ የሚል ትርጉም ሲገኝ፣ መጀመሪያ የሚታየው እውነት ግጥም ሆኗል ወይስ ስድ ንባቡ በአጫጭር መስመር ተቆራርጧል የሚለው ነው። ለማረጋገጥ የአንድ ገጽ ስንኞችን ቀለም በጣት መቁጠር ይበቃል። አንዱ ስንኝ ስምንት፣ ቀጣዩ ዐሥራ አራት፣ ሦስተኛው ዐሥራ አንድ ከሆነ፣ መጨረሻው ቤት ቢመታም ልጁ አብሮ ሊያወርደው አይችልም።

ለትንንሽ ልጆች ከአማርኛ መለኪያዎች ሁሉ የሚስማማው የቡሄ በሉ ምት ይመስለኛል፤ አጭር ነው፣ በጭብጨባ ይሄዳል፣ ልጆችም በነሐሴ ወር ከጅራፉ ጩኸት ጋር ያውቁታል። እንዲህ ያለ ስንኝ ለጉዞ ታሪክ ሲሆን ይህን ይመስላል፦

ኤሊ ጓዟን ጠቀለለች፣
ቤቷን አዝላ ኮበለለች።

እዚህ ላይ በየስንኙ አራት አራት ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች አሉ፤ ቤት የሚመታውም «ች» ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በፊት ያሉት «ለለ»ም ናቸው። ይህች ትንሽ ነገር ጥሩውን ከደካማው ትለያለች። በአማርኛ ግሥ የዓረፍተ ነገር መዝጊያ በመሆኑ፣ ሄደች፣ መጣች፣ በላች፣ ተኛች እያሉ ገጽ መሙላት ለማንም አይከብድም፤ ቤቱም በወጉ የተመታ ይመስላል። እንዲህ ያለው ግጥም ግን ለጆሮ ስለሚሰለች ልጁ በሦስተኛው ገጽ ይተወዋል። አንዳንዴ በስም፣ አንዳንዴ በቅጽል የሚዘጋ፣ ግሡን ወደ መሐል የሚያስገባ ደራሲ ከተገኘ፣ ሥዕሉ ደካማ ቢሆንም መጽሐፉን መግዛት ይሻላል።

ነጻ ወደሆኑት ስንመጣ፣ በ2014 ሥራ የጀመረው የደቡብ አፍሪካው «አፍሪካን ስቶሪቡክ»፣ የሕንዱ «ስቶሪዊቨር» እና በ2018 በአዲስ አበባ ይፋ የሆነው «ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ» የአማርኛ የሥዕል ታሪኮችን በስልክ ወይም በወረቀት አትሞ ለማንበብ ያቀርባሉ። «ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ» የሚባለው ፕሮጀክትም ከአማርኛና ከሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጎን እንግሊዝኛ ያለባቸውን አጫጭር መጻሕፍት ያዘጋጃል። በእነዚህ ውስጥ እንስሳትና ጉዞ ሞልተዋል፤ ግጥም ግን ጥቂት ነው፣ አብዛኞቹ በቀላል ስድ ንባብ የቀረቡ ናቸው። ወላጁ የሚፈልገው ታሪክና ፊደል ከሆነ ይበቁታል፤ የሚፈልገው በአፍ የሚቀር ስንኝ ከሆነ ግን ከእነርሱ ይልቅ አያት የሚያውቁት የቃል ግጥም ይሻለዋል።

ለአማርኛ ደራሲዎች ክፍት የሆነ ሜዳ እንዳለም እግረ መንገድ መጥቀስ ይገባል። በጋምቤላና በደቡብ ሱዳን መካከል በየዓመቱ በብዙ መቶ ሺዎች የሚቆጠር ነጭ ጆሮ ቆርኬ ይመላለሳል፤ ከአውሮፓ ክረምቱን የሚሸሹ ወፎችም ወደ አቢጃታና ሻላ ሐይቆች ይመጣሉ። እንዲህ ያሉ መንገደኞች ባሉበት አገር ልጆች ስለ ጉዞ ሲነበብላቸው የሚሰሙት ስለ ሩቅ ወደብ መሆኑ ይገርማል።

ካርቶን፣ ወረቀት፣ ያገለገለ

መጽሐፉ ከተመረጠ በኋላ የቀረው የአሠራሩ ጉዳይ ነው። ገጹን በአፉ ለሚያኝክ ሕፃን ገጾቹ ከወፍራም ካርቶን የተሠሩት ይሻላሉ፤ ከሦስት ዓመት በላይ ላለው ግን የወረቀቱ እትም ሥዕሉ ሰፋ ብሎ ስለሚታይ ይመረጣል። በተለይ የቀንድ አውጣዋ መጽሐፍ ትንሹ ፍጡር በትልቁ ባሕር ውስጥ እንዴት እንደምታንስ በማሳየት ላይ የቆመ ስለሆነ፣ በእጅ መዳፍ ልክ በተሠራ የካርቶን እትም ግማሽ ኃይሉን ያጣል። የበጎቹና የውሾቹ በትንሽ መጠንም ብዙ አይጎዱም።

ከመግዛት በፊት ነጻ መንገዶችን መጠየቅ ይጠቅማል። የዘፋኟ ዶሊ ፓርተን ድርጅት በ1995 በቴኔሲ የጀመረው «ኢማጂኔሽን ላይብረሪ» ከልደት እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች በየወሩ አንድ መጽሐፍ በፖስታ ይልካል፤ በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በብሪታንያ፣ በአየርላንድና በአውስትራሊያ አባል የሆኑ አካባቢዎች ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ መመዝገብ ይችላል። ያገለገለ መጽሐፍ መግዛትም የሚያሳፍር አይደለም፤ ሆኖም የተጠራቃሚ ጉዞ ያለባቸው መጻሕፍት አንድ ገጽ ከጎደላቸው አንድ መንገደኛ ሳይሳፈር ይቀራልና፣ ገጾቹን አንድ በአንድ መገልበጥ ያስፈልጋል። የካርቶን እትም ሲሆን ደግሞ አንዳንድ አሳታሚዎች ለትንሹ እትም ብለው ስንኝ ስለሚቀንሱ፣ ከወረቀቱ እትም ጋር ጎን ለጎን አስተያይቶ መግዛት ይገባል።